የአጋዘን መኖ ማሳ ዝግጅትና የአደን ሕግ በአሜሪካ፦ ከዘር በፊት መታወቅ ያለባቸው ጉዳዮች

በአሜሪካ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ባሉት ወራት በርካታ የገጠር መሬት ባለይዞታዎች ራሳቸው የማያጭዱትን ሰብል ይዘራሉ። በጫካ ዳር ወይም በዛፎች መካከል የሚገኝ፣ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር ያነሰ፣ ማገጥ፣ አጃ፣ ስንዴ ወይም ተርኒፕ የሚበቅልበት ይህ ቁራሽ መሬት የአጋዘን መኖ ማሳ ነው። ዓላማው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሣርና ቅጠል በሚመናመንበት ጊዜ ለእንስሳቱ ተጨማሪ መኖ ማቅረብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአደን ወቅት አጋዘኖች ወደ ይዞታው እንዲመጡ ማድረግ ነው።

ይህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የባለመሬቱ የግል ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ግን ሁኔታው ተለውጧል። አጋዘኖችን የሚያጠቃ ገዳይ በሽታ በመስፋፋቱ ግዛቶች እንስሳቱን በአንድ ቦታ የሚያሰባስብ ተግባርን በቅርበት መቆጣጠር ጀምረዋል። በዚህ ምክንያት በአንድ ግዛት የተፈቀደ ተግባር በአጎራባቹ ግዛት፣ አንዳንዴም በዚያው ግዛት በሌላ ካውንቲ፣ የሚያስቀጣ ሆኖ ይገኛል። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታ፣ በኮሎራዶና በሌሎችም ግዛቶች የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የገጠር መሬት ሲገዙ፣ ሲከራዩ ወይም በወዳጅ ይዞታ ላይ ለማደን ሲጋበዙ ይህ ልዩነት በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ስለዚህ የመኖ ማሳ ዝግጅት በዘር ግዢ ሳይሆን፣ የግዛቱን ሕግ በማንበብና አፈርን በማስመርመር መጀመር ይኖርበታል።

በቅድሚያ ስያሜውን ግልጽ ማድረግ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ አጋዘን የሚባሉት እንስሳት፣ የደጋ አጋዘንን ጨምሮ፣ ቀንዳቸው በየዓመቱ የማይወድቅ የድኩላ ዘመዶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ አጋዘን የተባለው ግን በዋናነት በአሜሪካ በስፋት የሚገኘው ነጭ ጭራ አጋዘን ሲሆን፣ ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ የሚያበቅል የሌላ ቤተሰብ እንስሳ ነው።

ከመመናመን ወደ መብዛት

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነጭ ጭራ አጋዘን ለገበያ በሚደረግ ልቅ አደንና በደን ምንጣሮ ሳቢያ በአገሪቱ ከግማሽ ሚሊዮን ወደማይበልጥ ቁጥር ወርዶ እንደነበር ይገመታል። ቁጥሩ ያገገመው የአደን ወቅትና ኮታ በሕግ በመወሰኑ፣ አጋዘኖች ከተረፉባቸው አካባቢዎች ወደሌሎች በመዛወራቸውና ለጥበቃ ሥራ ቋሚ የገንዘብ ምንጭ በመገኘቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፒትማን ሮበርትሰን ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው የፌዴራል ታክስ ለግዛቶች የዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል አድርጓል። ዛሬ የነጭ ጭራ አጋዘን ቁጥር ወደ 30 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል።

ይህ ስኬት የራሱን ችግር ይዞ መጥቷል። አጋዘኖች የገበሬ ሰብል ይበላሉ፣ የደን ችግኝ እንዳያድግ ያደርጋሉ፣ በየዓመቱም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የተሽከርካሪ ግጭት ምክንያት ይሆናሉ። የግዛት የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤቶች አደንን ከመዝናኛነቱ ባሻገር ቁጥርን የመመጠኛ ዋና መሣሪያ አድርገው የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው። የመኖ ማሳም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ድርብ ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ለአዳኙ ዕድል ይጨምራል፤ በሌላ በኩል ግን ማሳ ብቻ ተዘርቶ በቂ አደን ካልተካሄደ ቀድሞውኑ የበዛውን መንጋ መቀለብ ይሆናል።

የተዘራና የተደፋ መኖ በሕግ ፊት

በአሜሪካ የአደን ሕግ ውስጥ ብዙ ሰዎችን ለቅጣት የሚዳርገው የመኖ ማሳንና ማማለያ መኖን አለመለየት ነው። የመኖ ማሳ ማለት ተዘርቶ በበቀለበት ቦታ እንስሳው የሚግጠው ሰብል ነው። ማማለያ መኖ ደግሞ ከሌላ ቦታ ተወስዶ መሬት ላይ የተደፋ፣ በመጋቢ ዕቃ የተቀመጠ ወይም የተሰቀለ በቆሎ፣ ፖም፣ ጨውና የመሳሰለው ነው። በብዙ ግዛቶች የመጀመሪያው የተለመደ የግብርና ሥራ ተደርጎ ሲፈቀድ ሁለተኛው ይከለከላል ወይም በገደብ ይፈቀዳል።

የግዛቶቹ አቋም ምን ያህል እንደሚራራቅ ጥቂት ምሳሌዎች ያሳያሉ። በቨርጂኒያ በማማለያ መኖ ላይ ማደን የተከለከለ ነው። ከዚህም በላይ ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ የመጀመሪያ ቅዳሜ ድረስ፣ የማደን ሐሳብ የሌለው ሰው እንኳ ቢሆን፣ ለአጋዘን መኖ ወይም ጨው ማስቀመጥ በግዛቱ በሙሉ ክልክል ነው። በሽታው ባለባቸው የቁጥጥር ቀጠናዎች ክልከላው ዓመቱን ሙሉ ይጸናል። የተዘራ ማሳ ግን ይፈቀዳል። ወንዝ ብቻ በሚለያት ሜሪላንድ በአንጻሩ በግል ይዞታ ላይ አጋዘንን በማማለያ መኖ ማደን በአብዛኛው የተፈቀደ ሲሆን፣ በግዛቱ መሬቶች ላይ ግን ክልክል ነው። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር አዳኝ በሜሪላንድ የለመደውን ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ሲሻገር ሳያውቀው ሕግ ተላላፊ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

ሚኒሶታ በማማለያ መኖ አጋዘን ማደንን የምትከለክል ሲሆን፣ በተለመደ የግብርና ሥራ የተገኘ ሰብልንና ለዱር እንስሳት የተተከለ መኖን ከክልከላው ውጪ ታደርጋለች። ኮሎራዶም ትላልቅ የዱር እንስሳትን በማማለያ መኖ ማደንን አትፈቅድም። ቴክሳስ በግል መሬት ላይ ትፈቅዳለች። አላባማ ከ2019 ጀምሮ ለዚሁ ተግባር የተለየ ፈቃድ በክፍያ ትሰጣለች። በዚያው ዓመት ሚሺጋን በታችኛው ባሕረ ገብ መሬቷ ላይ ማማለያ መኖን በመከልከል ተቃራኒውን መንገድ ይዛለች።

የመኖ ማሳ በተፈቀደበት ግዛትም ቢሆን ድንበሩን በቀላሉ ማለፍ ይቻላል። በማሳው ላይ በቆሎ አብቅሎ በቁሙ መተው አንድ ነገር ነው፤ አጭዶ ወደ መጋዘን ካስገቡ በኋላ ፍሬውን መልሶ ማሳው ላይ መበተን ግን በብዙ ቦታ ማማለያ መኖ ያሰኛል። በማሳው መካከል የጨው ድንጋይ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። በተጨማሪም በዚያው ማሳ ላይ ዳክዬ ወይም ርግብ ለማደን የሚያስብ ሰው የፌዴራሉን የተሻጋሪ አእዋፍ ሕግ ማወቅ አለበት። በዚህ ሕግ መሠረት ማማለያ መኖ የነበረበት ቦታ መኖው ሙሉ በሙሉ ከተነሣ በኋላም ለ10 ቀናት እንደተከለከለ ይቆያል።

ጥሰቱ የሚያስከትለው ጉዳት በገንዘብ ቅጣት ላይ አይቆምም። የአደን ፈቃድ ሊታገድ ይችላል። አብዛኞቹ ግዛቶች አባል በሆኑበት የዱር እንስሳት ሕግ ተላላፊዎች የጋራ ስምምነት መሠረት ደግሞ በአንድ ግዛት የታገደ ሰው በሌሎቹም ሊታገድ ይችላል።

ሕጉን የለወጠው በሽታ

ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ የሚያያዙት ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ ከተባለው፣ በአማርኛ አመንማኝ በሽታ ሊባል ከሚችለው ሕመም ጋር ነው። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1967 በኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ በሚገኝ የምርምር ተቋም በተያዙ አጋዘኖች ላይ ነው። መንስኤው ባክቴሪያም ሆነ ቫይረስ ሳይሆን፣ ቅርጹ የተዛባ ፕሪዮን የተባለ ፕሮቲን ነው። የእብድ ላም በሽታ ከሚባለው ጋር አንድ ወገን ሲሆን፣ የእንስሳውን አንጎል ቀስ በቀስ ያጠፋል። ክትባትም ሆነ ሕክምና የለውም፤ የተያዘ እንስሳ መሞቱ አይቀርም።

በሽታውን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሁለት ባሕርያት አሉት። የመጀመሪያው፣ በእንስሳው ላይ ምልክት ሳይታይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየቱ ነው። በዚህ ጊዜ እንስሳው ጤነኛ እየመሰለ በምራቁ፣ በሽንቱና በፋንድያው ፕሪዮን ያሰራጫል። ሁለተኛው፣ ፕሪዮን በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። ስለዚህ በርካታ አጋዘኖች በየቀኑ አፋቸውን የሚያስገቡበት አንድ ክምር በቆሎ እንስሳቱን እርስ በርስ ከማነካካቱም በላይ፣ ከሥሩ ያለውን መሬት ለቀጣዮቹ ዓመታት የበሽታ ምንጭ ሊያደርገው ይችላል።

በሽታው እስካሁን ከ30 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ተገኝቷል። ከአሜሪካ ውጪም በካናዳ፣ በደቡብ ኮሪያ፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድና በስዊድን ታይቷል። ዊስኮንሲን በ2002፣ ቴኔሲ በ2018፣ አላባማ በ2022 ለመጀመሪያ ጊዜ ያረጋገጡ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ነጻ ሆና የቆየችው ጆርጂያ በጃንዋሪ 2025 በሌኒየር ካውንቲ የመጀመሪያውን አጋጣሚ አስታውቃለች። የአሜሪካ ምክር ቤትም በዲሴምበር 2022 ለበሽታው ምርምርና ቁጥጥር በዓመት እስከ 70 ሚሊዮን ዶላር እንዲመደብ የሚፈቅድ ሕግ አጽድቋል።

በአንድ አዲስ ቦታ በሽታው መገኘቱ ለመሬት ባለይዞታው ምን እንደሚያስከትል የዊስኮንሲን አሠራር በግልጽ ያሳያል። በአንድ ካውንቲ በሽታው ሲረጋገጥ አጋዘንን መመገብና በማማለያ መኖ ማደን በካውንቲው ለ36 ወራት፣ ከበሽታው ቦታ በ16 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ በሚገኝ አጎራባች ካውንቲ ደግሞ ለ24 ወራት ይታገዳል። አዲስ አጋጣሚ ሲገኝ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። ባለፈው ዓመት የተነበበ የአደን መመሪያ ለዘንድሮው ዋስትና የማይሆነው ስለዚህ ነው።

የመኖ ማሳስ ከስጋቱ ነጻ ነውን?

ግዛቶች ማማለያ መኖን ከልክለው የመኖ ማሳን መፍቀዳቸው ከክርክር ነጻ አይደለም። ክልከላውን የሚቃወሙ አዳኞች የሚያነሡት ነጥብ አለ፤ አጋዘኖች በተዘራ ማሳም ቢሆን ይሰባሰባሉ፤ ስለዚህ የአንድ ከረጢት በቆሎ መግዣ ብቻ ያለውን ሰው ከልክሎ ትራክተር ያለውን መፍቀድ ፍትሐዊ አይደለም ይላሉ። ክርክሩ በከፊል እውነት አለው። ማሳም እንስሳትን ይስባል፤ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ያጨናንቃል።

ልዩነቱ የሚገኘው በመጠንና በሁኔታ ላይ ነው። በማሳ ላይ መኖው በሺዎች በሚቆጠሩ ካሬ ሜትሮች ላይ ስለሚሰራጭ እንስሳቱ እየተንቀሳቀሱ ይግጣሉ። ቅጠሉ ስለሚያድግ በየቀኑ በአንድ ነጥብ ላይ መኖ አይሞላም። ስለዚህ አንዱ አጋዘን የሌላውን ምራቅ የሚነካበት ዕድል ከክምር በቆሎ ይልቅ ያነሰ ነው፤ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይደለም። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት፣ በሽታው ባለበት አካባቢ አንዲት ጠባብ ማሳ ከማዘጋጀት ይልቅ ሰፋ ያለ ወይም በተለያዩ ቦታዎች የተከፋፈለ ማሳ ማዘጋጀት፣ በውስጡም ጨው አለማስቀመጥ፣ የሚፈቀደውን ያህል እንስት አጋዘን ማደንና ሁሉንም ማስመርመር ነው። ከአንዲት ጠባብ ማሳ በላይ የሚበቃ መሬት የሌለው ባለይዞታ የማሳን ሐሳብ ትቶ በይዞታው ያለውን የባሉጥ ዛፍና የዱር ቁጥቋጦ መንከባከቡ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

አፈር፣ ኖራና ዘር

ሕጉ ከታወቀ በኋላ የሚመጣው የአፈር ጉዳይ ነው። የመኖ ማሳዎች በአብዛኛው የሚዘጋጁት ለዋና ሰብል በማይመረጥ፣ ከጫካ በተመነጠረ መሬት ላይ ስለሆነ አፈሩ ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የመጡ ሰዎች ችግሩን ያውቁታል፤ በአሲዳማ አፈር ላይ የተጨመረ ማዳበሪያ አብዛኛው ጥቅም ሳይሰጥ ይባክናል። ለአብዛኞቹ የመኖ ሰብሎች ተስማሚው የፒኤች መጠን ከ6 እስከ 7 ነው።

መጠኑን በግምት ማወቅ አይቻልም። በእያንዳንዱ ግዛት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎት አለ፤ አገልግሎቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1914 በወጣው የስሚዝ ሊቨር ሕግ ነው። በቨርጂኒያ የቨርጂኒያ ቴክ፣ በሚኒሶታ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች የአፈር ናሙና በአነስተኛ ክፍያ ይመረምራሉ። ናሙናው ከማሳው ከተለያዩ ቦታዎች ተወስዶ የተቀላቀለ ሊሆን ይገባል። ውጤቱ የኖራና የማዳበሪያ መጠንን ጭምር ይገልጻል። ኖራ አፈሩን ለመለወጥ ወራት ስለሚወስድ፣ በሴፕቴምበር ለሚዘራ ማሳ ምርመራው በክረምቱ ማብቂያ፣ ኖራው ደግሞ በፀደይ ቢጨመር ይመረጣል።

የዘር ምርጫ በአካባቢው የአየር ጠባይና በማሳው ዓላማ ይወሰናል። ማገጥ፣ በተለይ ነጭ ማገጥ፣ አንዴ ከተዘራ ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል፤ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝም የማዳበሪያ ወጪ ይቀንሳል፤ ሆኖም ዘሩ ከመዘራቱ በፊት ለማገጥ በተዘጋጀ ሕያው ማዳበሪያ መታሸት ይኖርበታል። አጃ ቶሎ ይበቅላል፣ በብርቱ ውርጭ ግን ይሞታል። የክረምት ስንዴና ራይ ብርዱን ተቋቁመው እስከ ፀደይ ይዘልቃሉ። ተርኒፕና ሌሎች የጎመን ዘሮች ብርድ በበረታበት ጊዜ ጥሩ መኖ ይሆናሉ፤ ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ በየዓመቱ ቢደጋገሙ በሽታ ስለሚያጠቃቸው ማፈራረቅ ያስፈልጋል።

የመዝሪያ ጊዜው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይለያያል። በሚኒሶታ የጎመን ዘሮች ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ፣ ራይ ደግሞ በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይዘራሉ። በቨርጂኒያ አጃ፣ ስንዴና ማገጥ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ሊዘሩ ይችላሉ። በሁለቱም ቦታ ዋናው መመዘኛ ዝናብ ሲጠበቅ መዝራትና የመጀመሪያው ብርቱ ውርጭ ከመድረሱ በፊት ሰብሉ በቂ ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው።

የዘር መጠንን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ያህል ነው። ነጭ ማገጥ ብቻውን ሲዘራ በሄክታር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ግራም፣ አጃ ብቻውን ሲዘራ 110 ኪሎ ግራም ገደማ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለግማሽ ኤከር ማሳ ከ2 ኪሎ ግራም የማይበልጥ ማገጥ ይበቃል። ከማገጡ ጋር አጃ ሲቀላቀል አጃው በግማሽ ተቀንሶ ወደ 11 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ካልተቀነሰ ማገጡን ይሸፍነዋል። የማገጥና የተርኒፕ ዘር ደቃቅ በመሆኑ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳያልፍ ላዩን ብቻ መሸፈን አለበት፤ አጃና ስንዴ ግን ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሊቀበሩ ይችላሉ። ሁለቱን ቀላቅሎ በእኩል ጥልቀት መቅበር ማገጡ እንዳይበቅል ከሚያደርጉ የተለመዱ ስሕተቶች አንዱ ነው። አጃው ተዘርቶ ከተሸፈነ በኋላ ማገጡን ላዩ ላይ በትኖ መሬቱን መጠቅጠቅ ይሻላል።

ዘር ሲገዛ በከረጢቱ ላይ የሥዕልና የማስታወቂያ ቃል ሳይሆን በሕግ የሚለጠፈው መግለጫ መነበብ አለበት። መግለጫው የእያንዳንዱን ዘር ድርሻ፣ የመብቀል መጠኑንና የአረም ዘር መጠንን ያሳያል። በሚኒሶታ በ2016 ፓልመር አማራንት የተባለው አደገኛ አረም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው ለተፈጥሮ ጥበቃ በተዘሩ ማሳዎች ላይ እንደነበር ማስታወስ ተገቢ ነው። ፀረ አረም ኬሚካል የሚጠቀም ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈው የአጠቃቀም መመሪያ የሕግ ኃይል እንዳለው ሊያውቅ ይገባል። ረግረጋማ መሬት መመንጠርም የፌዴራል ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል።

ማሳው ከበቀለ በኋላ አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ ያህል የሆነ የሽቦ አጥር ክብ ተደርጎ በማሳው ውስጥ ይተከላል። በአጥሩ ውስጥና ውጪ ያለው የሰብል ቁመት ሲነጻጸር አጋዘኖቹ ምን ያህል እንደጋጡ ይታያል። ውጪው ተግጦ መሬቱ ከተራቆተ አጋዘኑ ለይዞታው በዝቷል ወይም ማሳው ጠቧል ማለት ነው። በአጥሩ ውስጥም ካልበቀለ ችግሩ የአፈር ወይም የአዘራር ነው።

ፈቃድ፣ ጠመንጃና የመኖሪያ ሁኔታ

መሬቱ የግል ይዞታ መሆኑ የአደን ፈቃድን አያስቀርም የሚለው ግንዛቤ እንደ መነሻ ሊያዝ ይገባል። አንዳንድ ግዛቶች ለባለመሬቶች ልዩ ሁኔታ ቢያደርጉም፣ ለማን እንደሚሠራ በዝርዝር ይወስናሉ። አዲስ አዳኞች በአብዛኛው የአዳኞች ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ አለባቸው። ግዴታው በሚኒሶታ ከዲሴምበር 31 ቀን 1979 በኋላ የተወለዱትን፣ በኮሎራዶ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለዱትን ሁሉ ይመለከታል። የነዋሪ ፈቃድ ዋጋው ዝቅተኛ ቢሆንም፣ የነዋሪነት መስፈርቱን ሳያሟሉ መውሰድ ራሱ ጥፋት ነው።

ዜግነት ያላገኙ ሰዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በፌዴራል ሕግ መሠረት ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪዎች ጠመንጃ መያዝ ይችላሉ። በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ ሰዎች በመርሕ ደረጃ የተከለከሉ ሲሆን፣ በአሜሪካ የተሰጠና ጊዜው ያላለፈ የአደን ፈቃድ ያለው ሰው ከክልከላው ውጪ ሊሆን ይችላል። ሕጋዊ የመኖሪያ ሁኔታ የሌለው ሰው ግን ጠመንጃ መያዝ አይፈቀድለትም፤ ከጓደኛ ተውሶ ለአንድ ቀን መያዝም ቢሆን ወንጀል ሊሆን ይችላል። ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ የጥፋተኝነት ውሳኔ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ስለሚችል፣ ሁኔታው ግልጽ ያልሆነለት ሰው ጠመንጃ ከመንካቱ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

በሌላ ሰው መሬት ላይ የሚያድን ሰው የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መያዙ ለሁለቱም ወገን ዋስትና ነው። ተጋባዡ ማሳው እንዴት እንደተዘጋጀ፣ የተደፋ መኖ መኖር አለመኖሩንም መጠየቅ አለበት፤ ሌላ ሰው ባስቀመጠው መኖ ላይ ያደነ አዳኝም ሊጠየቅ ይችላል።

ከአደን በኋላ፦ ምርመራና ሥጋ

አመንማኝ በሽታ ከአጋዘን ወደ ሰው ስለመተላለፉ እስካሁን የተረጋገጠ አጋጣሚ የለም። ሆኖም የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በሽታው ባለበት አካባቢ የታደነ አጋዘን እንዲመረመር፣ በሽታው የተገኘበት እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ፣ የታመመ የሚመስል እንስሳም እንዳይታደን ይመክራል። ሥጋ ሲበለት ጓንት ማድረግ፣ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን አለመንካትም የምክሩ አካል ነው።

ይህ ማሳሰቢያ ጥሬ ሥጋ መመገብ በተለመደበት ማኅበረሰብ ዘንድ የተለየ ክብደት አለው። የአጋዘን ሥጋ ቀይና ጮማ የሌለው በመሆኑ ለክትፎ ወይም ለጥሬ የሚመች ይመስላል። ነገር ግን የዱር እንስሳ ሥጋ በቄራ እንደታረደ ከብት በሐኪም አልተመረመረም። በደንብ ያልበሰለ የአጋዘን ሥጋ በተለይ ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ የሆነውን ቶክሶፕላዝማ ሊያስተላልፍ ይችላል። የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ እስኪደርስ መብሰል አለበት። ምግብ ማብሰል ግን ፕሪዮንን አያጠፋም፤ ስለዚህ ማብሰል የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም። የምርመራው ውጤት እስኪደርስ ሥጋውን ለብቻው ምልክት አድርጎ በማቀዝቀዣ ማቆየትና ለጎረቤትና ለዘመድ አለማከፋፈል ተገቢ ነው።

የእንስሳውን አካል ማጓጓዝም ሕግ አለው። በርካታ ግዛቶች በሽታው ካለበት አካባቢ ሙሉ አካል ወይም ጭንቅላት እንዳይገባ ይከለክላሉ። በአብዛኛው የሚፈቀደው አጥንቱ የወጣለት ሥጋ፣ ጭንቅላት የሌለው ቆዳና አንጎሉ ሙሉ በሙሉ የጸዳ የራስ ቅል ከነቀንዱ ነው። የቀረው አጥንትና የሆድ ዕቃ በጫካ ከመጣል ይልቅ ግዛቱ በፈቀደው የቆሻሻ መጣያ ሊወገድ ይገባል።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል

ከላይ የተገለጹትን በማጠቃለል፣ ለመጪው የአደን ወቅት ማሳ ለማዘጋጀት የሚያስብ ሰው ሥራውን በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢያከናውን ከወጪና ከቅጣት ይጠበቃል።

1. በክረምቱ ማብቂያ የአፈር ናሙና ማስመርመር፤ የካውንቲው የበሽታ ቀጠና መሆን አለመሆኑን በግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ።
2. በፀደይ በምርመራው ውጤት መሠረት ኖራ መጨመርና አረም መቆጣጠር፤ የአዳኞች ሥልጠና ያልወሰደ ሰው በዚህ ጊዜ መመዝገብ።
3. በጁላይና በኦገስት የዘንድሮውን የአደን መመሪያ እንደገና ማንበብ፤ ስለ ማማለያ መኖና ስለ መመገብ የተለወጠ ድንጋጌ መኖሩን ማየት።
4. እንደ ግዛቱ የአየር ጠባይ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ዝናብ ሲጠበቅ መዝራት፤ የመለኪያ አጥር መትከል።
5. ወቅቱ ከመከፈቱ በፊት ፈቃድ ማውጣት፣ የሚያስፈልገውን ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ማዘጋጀትና በአቅራቢያ የሚገኘውን የናሙና መቀበያ ቦታ ማወቅ።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ግልጽ ካልሆነ፣ የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና የካውንቲው የኤክስቴንሽን ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ይቀበላሉ፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰውም አስቀድሞ መጠየቅ ይችላል። ዘር ተዘርቶ፣ ወራት ተጠብቆና ገንዘብ ወጥቶበት በመጨረሻ ማሳው በተከለከለ ቀጠና ውስጥ ወይም በተደፋ መኖ የተበላሸ ሆኖ ከሚገኝ፣ በፀደይ የሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ያተርፋል።